ሱዋልኩቺ የሚባለውን የሐር ሸማኔዎች መንደር ያየ አለ? (አሳም፣ ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ)

የሸማኔ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። በኅዳር መጨረሻ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ሕንድ እሄዳለሁ። ከተማው ጉዋሃቲ ነው፣ አሳም በሚባለው ክልል። መሃል ላይ ቅዳሜና እሑድ ነፃ ነኝ። ካርታ ስመለከት ከከተማው 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከብራህማፑትራ ወንዝ በስተሰሜን ዳር፣ ሱዋልኩቺ የሚባል ቦታ አገኘሁ። ቤቱ ሁሉ ሐር የሚሸመንበት መንደር ነው ይላሉ። ዙሪያውን ደግሞ የድሮ ቤተ መቅደሶች አሉ።

ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። አባቴ ሸማኔ ነው። ከዶርዜ በልጅነቱ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ሠርቷል። እኔን ያስተማረኝ በመወርወሪያው ነው። ትምህርት ቤት ግን አባትሽ ምን ይሠራል ስባል ነጋዴ ነው እል ነበር፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ እውነቱን ተናግሬ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ለዓመት ያህል «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ጠርተውኛል። ይህን ለእሱ ነግሬው አላውቅም። አሁን ሕንድ ልሄድ ነው፣ የሸማኔ መንደርም አለ ስለው ዓይኑ በራ። «እግራቸውን የት እንደሚያስቀምጡ አይተሽ ንገሪኝ» አለኝ። ሌላ ምንም አላዘዘኝም።

ስለዚህ፦ ለመሄድ የሚያበቃ ነገር አለው? ሐሩን ስገዛ እውነተኛውን ከአስመሳዩ በምን እለያለሁ? ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ቤተ መቅደሶቹ ጋ እንዴት ልሁን? ለአባቴስ ምን ላምጣለት? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጉዋሃቲ_የኖረ

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ። ጉዋሃቲ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፣ ሱዋልኩቺ ስንቴ እንደሄድኩ አላስታውስም።

ሂጂ። ሁለት ቀን ካለሽ አንዱን ሙሉ ለእሷ ስጪ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንዳያስደነግጥሽ። መንደር ሲባል ጎጆና ማሳ ከጠበቅሽ አታገኚም። ዛሬ ትንሽ ከተማ ሆናለች፣ ሱቅ በሱቅ ናት፣ ሞተር ብስክሌት ይጮኻል። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ስትገቢ ግን ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ግቢ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ዳስ አለ። እዚያ ውስጥ አራት፣ ስድስት፣ አሥር የሽመና ዕቃ ተደርድሯል። ድምፁን ከማየትሽ በፊት ትሰሚዋለሽ። ጠክ ጠክ ጠክ፣ ከዚህም ከዚያም ግቢ፣ ጠዋት ተጀምሮ እስኪመሽ። ሽሮ ሜዳ ያደግሽ ከሆንሽ ድምፁ ቶሎ ይገባሻል ብዬ አስባለሁ፣ ፍጥነቱ ግን ከእኛው ይበልጣል፤ መወርወሪያው በእጅ አይወረወርም፣ ገመድ ሲሳብ ራሱ ከዳር ዳር ይሮጣል።

የሚሠሩት በዋናነት መኸላ ሳዶር የሚባለውን የአሳም ሴቶች ልብስ ነው። ሁለት ቁራጭ ነው። መኸላው ከወገብ በታች እንደ ቀሚስ ይታጠፋል፣ ሳዶሩ እንደ ነጠላ ከላይ ይጣላል። ሦስት ዓይነት ሐር አለ። ፓት የሚባለው ነጩ ነው፣ መልበሪ የሚባለውን ዛፍ ቅጠል የሚበላው ትል የሚሰጠው። ክሩ በብዛት የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፣ ከደቡብ ሕንዱ ካርናታካም ከቻይናም። ሙጋ የሚባለው የራሳቸው ነው፣ በዋናነት የአሳም። ትሉ ቤት ውስጥ አይረባም፣ ውጭ ዛፍ ላይ ነው የሚያድገው፣ ወፍና ዝናብ እየተፈራረቁበት። ቀለሙ ከተፈጥሮው ወርቃማ ነው፣ ማንም አልነከረውም፣ በታጠበ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ያበራል። እናት ለልጇ የምታወርሰው ልብስ ነው። በፈረንጆቹ 2007 የአሳም ሙጋ ሐር የሚለው ስም በሕግ ተጠብቆላቸዋል። ሦስተኛው ኤሪ ነው፣ እሱን የሚያውቅ ሰው እዚህ መድረክ ላይ አለ፣ ይጻፍልሽ።

ስለ ስድቡ የጻፍሽውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በብዙው የሕንድ ክፍል ሽመና የአንድ ጎሣ ሥራ ነው፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ሌላው የማይነካው። አሳም ላይ ግን የሽመና ዕቃ በየገጠሩ ቤት ነበረ፣ ሴት ልጅ ከየትኛውም ወገን ትሁን መሸመን ትማራለች፣ አለመቻል ነበር የሚያሳፍረው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አሳምን ይገዙ በነበሩት በአሆም ነገሥታት ዘመን ሞማይ ታሙሊ ባርባሩዋ የሚባል ሹም ነበረ፣ እያንዳንዱ ቤት ክር እንዲፈትል ያስገደደ፣ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። ሱዋልኩቺ ላይ ራሱ እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ሐር የሚሸምኑት ታንቲ የሚባሉት የሸማኔ ወገኖች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ገበያው ሲደምቅ ዓሣ አጥማጁም ገባበት፣ ብራህሚኑም ገባበት። ብራህሚን ማለት የካህናት ወገን ነው፣ አስቢው። እኔ ቤቷ ሻይ ያጠጣችኝ ሴትዮ የብራህሚን ልጅ ናት፣ የሽመና ዕቃው ደግሞ ሳሎኑ አጠገብ ነው፣ እንግዳ ሁሉ እንዲያየው።

እኛ አገር ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ቀጥቃጩን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት ካለፈው በኋላም አንቺ ክፍል ውስጥ ተሰድበሻል። ያ በጣም ያሳዝነኛል።

ነጠላ_ቤት

የሐሩን ጉዳይ ለእኔ ተዪው። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሕንድም ለዕቃ ሄጃለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ልንገርሽ። ጉዋሃቲ ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ ሱቅ ገብቼ «ሙጋ ነው» ተብዬ አንድ ሙሉ ስብስብ ገዛሁ። ብዙ ገንዘብ ነው። ቤት ገብቼ ከዘርፉ አንድ ክር መዝዤ ክብሪት ሳስነካው ቀለጠ። እንደ ላስቲክ ቀለጠና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ቀረ። ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትን አልገዛም።

ፈተናው ቀላል ነው። ሐር ሲቃጠል የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ነበልባሉ ሲርቅ ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ፖሊስተር ይቀልጣል። ቪስኮስ የሚሉት ሰው ሠራሽ ክር የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምን ላይ መሰለሽ? አንድ ክር ብቻ ይመዛል። ድሩን ሐር አድርገው ማጉን ሌላ የሚያደርጉ አሉ። ስለዚህ ከድሩም ከማጉም መዘሽ ሁለቱንም አቃጥይ። የሸማኔ ልጅ ስለሆንሽ የትኛው የቱ እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

ሙጋን በተመለከተ ግን እሳት ብቻውን አይበቃም። ተሳር የሚባል ሌላ የዱር ሐር አለ፣ እሱን ከሙጋ ቀላቅለው ይሠራሉ፣ እሱም ሐር ስለሆነ ፀጉር ፀጉር ይሸታል። ሙጋ ለማለት ሁሉም የሚደፍረው ለዚህ ነው። ሲልክ ማርክ የሚል መለያ መኖሩን ተመልከቺ፣ የሕንድ መንግሥት የሐር ቦርድ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ነው። ዋጋውን ደግሞ አስቢ። እውነተኛ የሙጋ ሙሉ ልብስ በአሥር ሺዎች ሩፒ ነው የሚጠራው። በርካሽ ሙጋ የሚልሽ ካለ ሙጋ አይደለም፣ አለቀ።

የሚያመኝን አንድ ነገር ልጨምር። በመኪና የሚሸመን አስመሳይ መኸላ ሳዶር ከሰሜን ሕንዷ ከተማ ከባናራስ በኩል እየጎረፈ የሱዋልኩቺን ሸማኔ ገበያ ወሰደበት። በ2013 እ.ኤ.አ. ማርች ላይ ሕዝቡ ተነሥቶ አስመሳዩን ከየሱቁ አውጥቶ መንገድ ላይ አቃጠለው። የአሳም መንግሥትም በ2023 እ.ኤ.አ. በመኪና የተሠራ መኸላ ሳዶርና ጋሞሳ የሚሉት ፎጣቸው እንዳይሸጥ ከልክሏል። እኛ ጋ ጥበብ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ በየገበያው ሲደረደር ማን ተነሣ? በእጅ የተሠራ ጥበብ ይዤ ስቀመጥ ደንበኛ መጥቶ «እዚያ ማዶ በግማሽ ዋጋ አለ» ይለኛል። ማዶ ያለው የታተመ ነው። ሸማኔው ቤት ያሉት ልጆች እራት በልተው የሚያድሩት በዚህኛው ነው።

የሸማኔ_ልጅ

@ነጠላ_ቤት እግዜር ይስጥልኝ እናቴ። ድሩንም ማጉንም፣ ገባኝ።

@ጉዋሃቲ_የኖረ ሳሎኑ አጠገብ ያልከውን ሦስቴ አነበብኩት። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ የአባቴን ዕቃ አንሶላ እንጋርድበት ነበር።

ቤተ መቅደሶቹስ?

የሰንበት_ተማሪ

ስለ ቤተ መቅደሱ እኔ ልበል። ሥራ አዛውሮኝ አንድ ዓመት ከመንፈቅ እዚያ አካባቢ ነበርኩ።

ሱዋልኩቺ ላይ ራሱ ኮረብታ ላይ ሲድዴሽዋር የሚባል ቤተ መቅደስ አለ፣ ከላይ ሆነሽ ወንዙን ታዪዋለሽ። ብራህማፑትራ እንደምናውቀው ዓይነት ወንዝ አይደለም፣ ሐይቅ ነው የሚመስለው፣ ማዶው በጉም ይሸፈናል። ለዚያ ዕይታ ብቻ መውጣት ይበቃል።

ዋናው ግን ሃጆ ነው። ከሱዋልኩቺ ቅርብ ነው፣ በአንድ መኪና ሁለቱንም ታያለሽ። እዚያ ሞኒኩት የሚባል ኮረብታ ላይ የሃያግሪቫ ማድሃቫ ቤተ መቅደስ አለ። አሁን የቆመው ሕንፃ በ1583 እ.ኤ.አ. ኮች በሚባለው መንግሥት ንጉሥ በራግሁዴቭ የተሠራ ነው። ደረጃው ረጅም ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ጠዋት ውጪ። ግድግዳው ዙሪያ ከታች በኩል ዝሆኖች ተሰልፈው ተቀርጸዋል፣ ሕንፃውን የተሸከሙት እነሱ ይመስላሉ። ከግርጌው ኩሬ አለ፣ ውስጡ ኤሊዎች ናቸው፣ ሕዝቡ ይመግባቸዋል። የሚገርመው ሂንዱው ለአምላኩ ለቪሽኑ ብሎ ይመጣል፣ ቡዲስቱ ደግሞ ቡድሃ ያረፈው እዚህ ነው ብሎ በክረምታቸው ከተራራ ወርዶ ይመጣል። እዚያው ሃጆ ሌላ ኮረብታ ላይ ደግሞ ፖዋ መካ የሚሉት የሙስሊሞች ቅዱስ መቃብር አለ። አንድ ትንሽ ቦታ ላይ።

አገባብን በተመለከተ። ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። ቆዳ የሆነ ቀበቶና ቦርሳ መኪና ውስጥ ተዪ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልበሺ፣ ነጠላ ከያዝሽ በጣም ጥሩ ነው፣ ደስ ይላቸዋል። ውስጠኛው ክፍል ፎቶ አታንሺ። አንዳንድ የሕንድ ቤተ መቅደስ ሂንዱ ላልሆነ ሰው ዝግ ነው፣ ፑሪ ከተማ ያለው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ለምሳሌ ዝግ ነው፣ ስለዚህ በሩ ላይ ሁልጊዜ ጠይቂ።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ሕንፃውንና ታሪኩን ለማየት ገባሁ፣ ሥርዓቱ ላይ አልተሳተፍኩም። ፕራሳድ ይሰጡሻል፣ ለጣዖቱ ቀርቦ የተባረከ ምግብ ማለት ነው። ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ፣ በእኛ ሃይማኖት አይፈቀድልኝም ብዬ መለስኩ። አንድም ሰው አልተቆጣኝም። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ ስለ ጾማችን ጠይቀውኝ ግማሽ ሰዓት አወራን። ጉዋሃቲ ከተማ ውስጥ ያለውን የካማክያን ቤተ መቅደስ ከሄድሽ ግን እወቂ፣ እዚያ የፍየል መሥዋዕት አለ፣ ደም ታያለሽ። ካልቻልሽ አትግቢ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ከሽመናው ጋር የሚያያዝ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሻንካርዴቭ የሚባል መምህር ነበር፣ ያለ ምስል በመዝሙርና በመጽሐፍ ማምለክን ያስተማረ። በየመንደሩ ናምጋር የሚባል የጸሎት አዳራሽ አላቸው፣ ቀለል ያለ ረጅም ቤት ነው። በእሱ ሥር ባርፔታ በሚባል የአሳም ቦታ ላይ ክሪሽና የሚሉት አምላካቸው ታሪክ በሐር ላይ ተሸመነ። ሥዕል አይደለም፣ ጥልፍ አይደለም፣ ሽመና ነው፤ ሰውም ዛፍም ጽሑፍም ከክሩ ውስጥ ይወጣል። ከዚያ ዓይነት ሐር ዘጠኝ ሜትር ያህል የሚረዝመው ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው፣ እዚያ የደረሰው በቲቤት ዞሮ ነው። ለንደን ሄጄ አይቼዋለሁ። የመቅደላ ዕቃችን ያለበት ከተማ ላይ ቆሜ የእነሱን ሳይ ስሜቱ ከባድ ነበር።

ጉሎ_ተካይ

ተጠርቻለሁ መሰለኝ። ኤሪን ልጻፍ፣ ምክንያቱም ለአባትሽ የሚሆነው እሱ ነው።

የኤሪ ትል የሚበላው ጉሎ ነው። አዎ፣ በየአጥራችን፣ በየቆሻሻ መጣያው ዳር የሚበቅለው ጉሎ። ስሙ ራሱ ከዚያ ነው የመጣው፣ በሳንስክሪት ጉሎን ኤራንዳ ይሉታል። ሌላው የሐር ትል ራሱን የሚጠቀልልበት ጎጆ ዝግ ነው፣ ክሩም አንድ ወጥ ነው፣ ስለዚህ ትሉ ሳይወጣ በሙቅ ውኃ ቀቅለው ክሩን ይተረትሩታል። የኤሪ ጎጆ ግን በአንድ በኩል ክፍት ነው። ቢራቢሮው በራሱ ይወጣል። ክሩ ቁርጥራጭ ስለሆነ አይተረተርም። ይፈተላል! እንደ ጥጥ፣ በእንዝርት። ስለዚህ ኤሪ እንደ ሌላው ሐር አያብለጨልጭም፣ ለስላሳና ሙቅ ነው፣ ከጋቢና ከሱፍ መሃል ያለ ነገር። አሳም ላይ ቢራቢሮ ሳይሆን ከጎጆው ያወጡትን ትል ደግሞ ይበሉታል፣ ለእነሱ ትልቅ ምግብ ነው፣ ቢያቀርቡልሽ እንዳትደነግጪ።

ለምን ይህን ሁሉ አወራሁ? ይህ ትል አገራችን ገብቷል። መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት ሠርቶበታል፣ ሳባሃር የሚባለው የአዲስ አበባ ድርጅትም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር ቤት ፈታዮችና ሸማኔዎች ከኤሪ ሐር ልብስ እያሠራ ይሸጣል። እናቶቻችን ጥጥ በሚፈትሉበት እንዝርት ይፈተላል። የእኛ ሸማኔ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ ይሸምነዋል። አዲስ መሣሪያ አይፈልግም። እኔ አርሶ አደሮች ጋ ስሠራ የገረመኝ ይህ ነበር፦ ቅጠሉ አለን፣ ፈታይዋ አለችን፣ ሸማኔው አለን። የጎደለው ትሉን የሚያረባ ሰው በበቂ አለመኖሩና ገዢው ነው።

ሱዋልኩቺ ላይ ኤሪ በብዛት አይሸመንም፣ የእነሱ ሥራ ፓትና ሙጋ ነው። ሱቆቹ ላይ ግን የኤሪ ሻል ታገኛለሽ፣ ከሌላ ወረዳ ስለሚመጣ። ለአባትሽ ሙጋ አትግዢ። የኤሪ ሻል ግዢላቸው፣ ያልተነከረውን፣ በእጅ የተፈተለውን። ሲነኩት ያውቁታል።

ደቡብ_ነኝ

እኔ አሳምን አላውቅም፣ የተማርኩት ሃይደራባድ ነው። ግን ለሌሎቻችሁ፣ ወደ ደቡብ ሕንድ ለምትሄዱ፣ ፖቻምፓሊን እንዳትረሱ። ከሃይደራባድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ክሩን ከመሸመናቸው በፊት እየቋጠሩ ነው የሚነክሩት፣ ከዚያ ሲሸመን ቅርጹ ራሱ ይወጣል፣ ዳሩ እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ኢካት ይሉታል። የጋንዲ ተከታይ የነበረው ቪኖባ ብሃቬ በ1951 እ.ኤ.አ. መሬት ለሌላቸው መሬት ሲለምን መጀመሪያ 100 ኤከር የተሰጠው እዚያች መንደር ላይ ነው፣ ስለዚህ ቡዳን ፖቻምፓሊ ትባላለች። ቡዳን ማለት የመሬት ስጦታ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሏታል። ይኸው ነው፣ መልካም ጉዞ እህቴ።

ጉዋሃቲ_የኖረ

አንድ ነገር ረስቼ። ሰው ሱዋልኩቺ ሄዶ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ይመለሳል። አታድርጊው። አንድ ግቢ በር ላይ ቆመሽ ሰላም በይ፣ የሽመና ዕቃውን ማየት እፈልጋለሁ በያቸው፣ አባቴም ሸማኔ ነው በያቸው። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አይጠፋም። የሚሸምኑት ልጆች ደግሞ ብዙዎቹ የቤቱ ልጆች አይደሉም። ከሩቅ ገጠር የመጡ ተቀጣሪዎች ናቸው፣ ከቦዶ ብሔረሰብም ብዙ አሉ፣ ባለቤቱ ቤት እያደሩ በሠሩት ቁጥር ይከፈላቸዋል። በኮሮና ጊዜ ብዙዎቹ ወደ ቀያቸው ተመልሰው ዕቃው ባዶ ቆሞ ነበር። ስማቸውን ጠይቂያቸው። ማንም አይጠይቃቸውም።

በኅዳር መሄድሽ ጥሩ ነው፣ ዝናቡ አልፏል። ሳራይጋት ድልድይን ተሻግረሽ በሰሜን በኩል በመኪና ትደርሻለሽ።

የሸማኔ_ልጅ

ተመልሻለሁ! ከመጣሁ አሥር ቀኔ ነው፣ ሥራ ይዞኝ ነው ያልጻፍኩት። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ አባቴ ሸማኔ ነው አልኩ። ይህን ጮክ ብዬ ለማላውቀው ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሴትዮዋ እጄን ይዛ አስገባችኝ።

ዳሱ ውስጥ ስምንት የሽመና ዕቃ አለ። ጉድጓድ የለም። ዕቃው እንጨት ነው፣ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ ሸማኔዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እግሯ ከታች መርገጫዎች ላይ ነው። ከአናቷ በላይ ደግሞ ጃካርድ የሚሉት አለ፣ የተበሱ ካርቶኖች በክር ተሰፍተው እንደ ሰንሰለት የተንጠለጠሉ። በረገጠች ቁጥር አንድ ካርቶን ይዞራል፣ ቀዳዳው የትኛው የድር ክር እንደሚነሣ ይወስናል። አበባውን ልጅቷ በጭንቅላቷ አትቆጥረውም፣ ካርቶኑ ነው የሚያስታውሰው። አባቴ ግን ጥበቡን ሁሉ በቃሉ ነው የሚይዘው። ለልጅቷ ይህን በአስተርጓሚ ስነግራት መሸመኗን አቁማ አየችኝ። ስሟን ጠየቅኳት። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ሦስት ዓመት ሠርታለች፣ እኅቷን ታስተምራለች። ክፍያዋን ጠየቅኩ፣ ነገረችኝ። ሱቅ ላይ ልብሱ ከተለጠፈበት ዋጋ ጋር ሳስተያየው ዝም አልኩ።

ጓሮ በኩል ሁለት ሴቶች ሙጋ ሲተረትሩ አየሁ። ለሁለት ነው የሚሠሩት፣ አንዷ ከሙቅ ውኃው ውስጥ ጎጆዎቹን እየያዘች ክሮቹን ታወጣለች፣ ሌላዋ ክሩን በክንዷ እያከረረች መሽከርከሪያውን ታዞራለች። ሥራው ዝምታ ይፈልጋል መሰለኝ፣ አልተነጋገሩም።

ከሰዓት ሃጆ ሄድኩ። ዝሆኖቹን አየሁ፣ ኤሊዎቹንም። ነጠላዬን ስለለበስኩ አንዲት እናት ዳሩን ይዘው ጥበቡን እያገላበጡ መረመሩት፣ ከፊትም ከኋላም። ከዚያ በእጃቸው የመወርወር ምልክት አሳዩኝና ወደ እኔ ጠቆሙ። «አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ማለታቸው ነው። «አባቴ» አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት ግን ገባቸው።

ለአባቴ የኤሪ ሻል አመጣሁለት። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም። መነጽሩን አደረገ፣ ጫፉን በሁለት ጣቱ አሻሸ፣ ብርሃን ላይ ያዘው። ከዘርፉ አንድ ክር መዘዘና ፈትቶ አየው። «ይህ በእንዝርት የተፈተለ ነው» አለኝ። ክብሪት አምጪ አለ። አቃጠለው፣ አሸተተው። «ከእንስሳ ነው ግን ሱፍ አይደለም።» @ነጠላ_ቤት ይህን ሳይ አንቺን አስታወስኩ፣ ማንም አላስተማረውም።

ከዚያ የእግራቸውን ነገር ነገርኩት፣ ቪዲዮውንም አሳየሁት። ደጋግሞ አየው። ስለ አበባው ብዙ አላለም። «ወንበሩ ደህና ነው፣ ወገብ ያሳርፋል» አለ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ልጅቷ ስንት እንደሚከፈላት ነው። ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና እሱም በወጣትነቱ ለሰው ሲሠራ የሚከፈለውን ነገረኝ። ከዚያ በፊት አውርቶልኝ አያውቅም። እኔም የዚያን ዓመት የክፍሉን ነገር ነገርኩት። «አውቅ ነበር» አለኝ።

@ጉሎ_ተካይ አሁን ጥያቄ አለኝ። ጠዋት ጠዋት እየጠየቀኝ ነው። የኤሪ ፈትል በኪሎ አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ይገኛል? ለአንድ ጋቢ የሚሆን ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ድሩን ጥጥ አድርጎ ማጉን በኤሪ ሊሞክረው ነው።